ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት ክለብ ግቡ

ሜልበርን ያሉ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ "በእግር ለመሄድ ትከፍያለሽ?" የሚል ነው። አይፈረድባቸውም። ልጅ ሆነን በእግራችን የሄድነው መኪና ስላልነበረ ነው እንጂ ደስ ብሎን አይደለም። አሁን ደግሞ መኪና አለ። መኪናውን መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ አቁሞ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ተመልሶ እዚያው መኪና ውስጥ መግባት! እናቴ በስልክ ስነግራት "ጫካ ውስጥ ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ግን ለጠያቂዎቹ መልስ ለመስጠት አይደለም። በቅርቡ ከእኛ ሰዎች መካከል ጫካ መግባት የሚፈልጉ እየበዙ መጥተዋል። የማታ ፈረቃ የሰለቻቸው ነርሶች አሉ። ሐኪም "ተንቀሳቀስ" ያላቸው ታክሲ ነጂዎች አሉ። ልጆቻቸውን ከስልክ ማላቀቅ የሚፈልጉ ወላጆችም አሉ። ብዙዎቹ ደውለው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?" ብለው ነው። እኔም ሁሌ አንድ ነገር እላለሁ። ጫማው ይቆይ፣ መጀመሪያ የእግር ጉዞ ክለብ ግቡ።

ጫካና ተራራ በእግር መሄድን አውስትራሊያኖች ቡሽዋኪንግ ይሉታል። እኛ አዲስ አበባ ሃይኪንግ የምንለው ነው፤ የሚለየው አደረጃጀቱ ነው። አዲስ አበባ እሑድ እሑድ ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ወይም ወደ የረር የሚወጡ ቡድኖች አሉ። አውቶቡስ ይከራያሉ። ክፍያው ውስጥ ምሳ አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ፣ ማታ ሲመለሱ ጭፈራም አለ። ደስ ይላል። እዚህ ያለው ክለብ ግን ንግድ አይደለም። መሪው አምስት ሳንቲም አይከፈለውም። ደንበኛ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም አባል ነው። ዘንድሮ ከኋላ እየተጎተታችሁ የመጣችሁ ሰዎች ሲከርም "አንድ ጉዞ ምሩልን" ትባላላችሁ።

ክለቦቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። የሜልበርን ዎኪንግ ክለብ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1894 ነው፤ ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። በ1922 ሴቶች የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ። በ1934 ደግሞ የቪክቶሪያ ክለቦች በአንድ ማኅበር ሥር ተሰባሰቡ፣ ማኅበሩ ዛሬ ቡሽዋኪንግ ቪክቶሪያ ይባላል። ይህን የማነሳው ታሪክ ለማስተማር ብዬ አይደለም። ገብታችሁ ስታዩት ሕጉ ይበዛባችኋል። "ለሽርሽር ነው ወይስ ለወታደርነት?" ያስብላል። እያንዳንዱ ሕግ ግን የሆነ ጊዜ የሆነ ሰው ጠፍቶ ወይም ተጎድቶ የመጣ ነው።

ለመግባት ብዙ አያስቸግርም። አብዛኞቹ ክለቦች አባል ከመሆናችሁ በፊት በእንግድነት አንድ ሁለት ጉዞ እንድትሞክሩ ይፈቅዳሉ። የእኛ ክለብ የዓመት ክፍያ ከመቶ ዶላር በታች ነው፤ ውስጡ ማኅበሩ ለአባላት የሚገዛው ኢንሹራንስም አለ። ከዚያ በኋላ ወጪው የቤንዚን መዋጮ ነው። መኪና የሌለው ሰው ካለው ጋር ይደለደላል፣ ስትመለሱ በኪሎ ሜትር ተሰልቶ ለነጂው ትሰጣላችሁ። እዚህ ላይ አትግደርደሩ፣ ነጂውም "ተይው፣ ተይው" አይልም። ተቀብሎ ኪሱ ይከታል።

ፕሮግራሙ በየጊዜው ተዘጋጅቶ ይወጣል። እያንዳንዱ ጉዞ ላይ ርቀቱ፣ የሽቅቡ ሜትርና ደረጃው ይጻፋል፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ እየተባለ። ደረጃውን ብዙ አትመኑት። "መካከለኛ" ብሎ የሚጽፈው አርባ ዓመት ተራራ የወጣ ሰው ነው። ይልቅ ቁጥሩን ተመልከቱ። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል። ለአምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዙ፣ በየ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምሩ። 12 ኪሎ ሜትር ርቀትና 600 ሜትር ሽቅብ ካለው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ይህ ምሳ፣ ዕረፍትና ፎቶ ሳይጨመር ነው። መንገዱ ድንጋያማ ወይም ቁጥቋጦ የዋጠው ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይረዝማል።

ለመመዝገብ መሪውን ማነጋገር ይጠበቅባችኋል። መሪው በጥያቄ ያጣድፋችኋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስደውል "አቋምሽ እንዴት ነው?" ተባልኩ። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። "ደግ፣ ግን በቅርቡ የሄድሽው ረጅሙ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" የሚል ጥያቄ ተከተለ። ጉልበት፣ አስም፣ ስኳር፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ሁሉም ይጠየቃል። አትቀየሙ። አንድ ሰው ተራራ ላይ ቢቀመጥ አሥር ሰው ነው አብሮት የሚቀመጠው።

ካቴድራል ሬንጅ ያን ጊዜ የተመዘገብኩበት ቦታ ነው። ከሜልበርን ሰሜን ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በክስተን የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ሹገርሎፍ የሚባለው ጫፉ 923 ሜትር ነው። እኔ ደብረ ታቦር ጉናን ከሩቅ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ 923 ሲሉኝ ሳቄ መጣ። አባላቱም ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰሙ ኃይሌ ገብረሥላሴን ያገኙ መሰላቸው። "አንቺማ ትሮጪዋለሽ" አሉኝ። ከጫፉ ወዲያ ግን ሬዘርባክ የሚሉት ሸንተረር አለ። ድንጋዩ በሰያፍ ተገትሮ ቆሟል። በእግር ብቻ አይታለፍም፣ እጅም ይገባበታል። ለዓመታት በሊፍት ወጥታ ለምትወርድ የአረጋውያን መንከባከቢያ (ኤጅድ ኬር) ሠራተኛ የደጋ ልጅነት ብዙም አያግዝም።

መሪያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። እዚህ ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራል። እኔ ግን እሳቸውን በስማቸው ብቻ መጥራት አፌ አልሄድልህ ብሎኝ ለረጅም ጊዜ "ኤክስኪዩዝ ሚ" እያልኩ ኖርኩ። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት በክብ አቆሙን። ስም ተጠራ። ከመጨረሻ የሚሄድ አንድ ሰው ተመረጠ። ከዚያ ሕጉ ተነገረ። ከመሪው ፊት ማንም አይቀድምም። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ማንም አይቀርም። መንገድ በተከፈለ ቁጥር ሁሉም እስኪደርስ ቆመን እንጠብቃለን። ከፊታችሁ ያለውን ሰው ማየት ካቃታችሁ ጩኹ። መሪዋ በየመገንጠያው ቆመው በጣታቸው ይቆጥሩናል፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ።

አንዷን ሕግ በተለይ ወድጃታለሁ። ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ቦርሳውን መንገዱ ዳር፣ በገባበት በኩል አስቀምጦ ይሄዳል። ከመጨረሻ የሚመጣው ሰው ቦርሳ ካየ ቆሞ ይጠብቃል። አይጠራም፣ አይጠይቅም። ባለቦርሳው ሲመለስ አብረው ይቀጥላሉ። ማንም ሳያፍር ማንም አይጠፋም። ካነሳነው አይቀር፣ መጸዳጃ ቤት የሌለበት ጫካ ውስጥ ከውኃ መቶ ሜትር ርቃችሁ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ፣ መልሳችሁ ትቀብራላችሁ። ትንሽ አካፋ ከክለቡ ሰዎች አንዱ ቦርሳ ውስጥ አይጠፋም።

ሌላው ከተማ የሚቀረው ሰው ነው። ጉዞ ላይ ያልሄደ አንድ አባል ቤቱ ሆኖ የሁላችንን ስም ዝርዝርና የምንሄድበትን መንገድ ይዟል። ስንወጣ መሪዋ ይደውሉለታል። በተባለው ሰዓት ካልደወሉ ፍለጋውን የሚያስጀምረው እሱ ነው። ከጓደኛ ጋር ብቻችሁን ስትወጡ ይህ ሰው የላችሁም። ሚስት ወይም ባል አሉ ብትሉም፣ "ካቴድራል የት ነው?" ተብለው ቢጠየቁ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚመስላቸው።

ሰዓት ላይ ቀልድ የለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ከተባለ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ይንቀሳቀሳል። የሐበሻ ቀጠሮ ይዞ የመጣ ወዳጄ ባዶ ፓርኪንግ ነው የጠበቀው።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። ለመጀመሪያዎቹ ቀላል ጉዞዎች የማይንሸራተት ስኒከር ይበቃል። ጂንስ ግን አይሆንም፤ ጥጥ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፣ ብርዱም አጥንት ድረስ ይገባል። የሜልበርን አየር በአንድ ቀን አራት ወቅት ያሳያል የሚባለው እውነት ነው። ስለዚህ በሐምሌም በጥርም የዝናብ ጃኬትና አንድ የሱፍ ወይም የፍሊስ ልብስ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ውኃ ከሁለት ሊትር አይነስ። ትልቁን ዕቃ፣ ማለትም ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ የጀርባ ቦርሳ፣ ምድጃ፣ ብዙ ክለቦች ለአባላት በትንሽ ኪራይ ይሰጣሉ። የእኛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ሲጀምር መደብሩን ጠርጎ መግዛት ይወዳል። ጋራዥ ውስጥ አቧራ የጠጡ የስምንት መቶ ዶላር ድንኳኖች አውቃለሁ። ሁለት ሦስት ጉዞ ከሄዳችሁ በኋላ እግራችሁ ራሱ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚፈልግ ይነግራችኋል፤ ከጎናችሁ የሚሄደውም ሰው የት እንደሚረክስ ይጠቁማችኋል።

ስንቅ ላይ ግን እኛን የሚያክል የለም። ነጮቹ ለውዝና ዘቢብ ቀላቅለው በከረጢት ይዘው ይመጣሉ። ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር ከዚያ በምን ያንሳል? በሶ በውኃና በማር በጥብጣችሁ ብትጠጡ ዳገት ታወጣለች። ጭኮ ደግሞ ለብርድ ቀን ነው። ገብስና ቅቤ ስለሆነ ሁለት ጉርሻ ለሰዓታት ይዞ ያቆያል፣ አይበላሽም፣ ማብሰልም አይፈልግም። መሪያችን አንዴ ከቀመሱ ወዲህ "ያንን ቡናማ ነገር ይዘሻል?" ሳይሉኝ መኪና ውስጥ አይገቡም። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ለመሪው ቀድማችሁ ንገሩ። የሚከለክላችሁ የለም፤ ግን ራስ ማዞር ቢመጣ ምክንያቱን ያውቁታል። እኔ በጾም ሰሞን ቀላል ጉዞ ብቻ ነው የምመርጠው።

እባብ አለ ወይ? አለ። ታይገር ስኔክም ብራውን ስኔክም ቪክቶሪያ ውስጥ አሉ፣ ሁለቱም መርዛቸው ይገድላል። ነገር ግን የሰው ኮቴ ሲሰሙ ቀድመው የሚሸሹት እነሱ ናቸው። በሞቃት ቀን ረጅም ሱሪና ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚሸፍን ጌተር ይለበሳል፤ ግንድ ስትሻገሩ ማዶውን ሳታዩ እግር አይወረወርም። ክለቡ በየጊዜው የመጀመሪያ ዕርዳታ ያለማምዳል። እዚያ የተማርኩት ሀገር ቤት ከማውቀው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። አይታሰርም፣ አይበጣም፣ አይመጠጥም፣ አይታጠብም። ሰፊ የሚለጠጥ ፋሻ በተነደፈው ቦታ ላይ፣ ከዚያም በእጁ ወይም በእግሩ ሙሉ ርዝመት ጠበቅ ተደርጎ ይጠቀለላል። በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል። ሰውዬው ካለበት ንቅንቅ ሳይል ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ፣ 000፣ ይደወላል። የማይታጠበው ቆዳው ላይ የቀረው መርዝ ለሐኪሞቹ ስለሚጠቅም ነው። ፋሻው ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሁለት ግዙና ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩት።

ስልክ በማይሠራበት ቦታ ደግሞ ፒኤልቢ የሚሉት መሣሪያ አለ። ከእጅ መዳፍ ያንሳል። ስትጫኑት በሳተላይት በኩል የነፍስ አድን ጥሪ ያስተላልፋል። የአውስትራሊያ የባሕር ደኅንነት ባለሥልጣን ጋ በነጻ ይመዘገባል፤ ከተመዘገበ ሲጮኽ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚደወል ያውቃሉ። ክለባችን ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ይሰጣል። ብቻችሁን የምትወጡ ከሆነ ተከራዩ።

በጋ ላይ ጉዞ የሚሰረዝበት ቀን ይበዛል። "ቶታል ፋየር ባን"፣ ማለትም ከቤት ውጭ እሳት ማንደድን የሚከለክል አዋጅ፣ ከታወጀ በቃ፣ የእኛ ክለብ አይወጣም። መኪናው ተጭኖ፣ ስንቁ ተዘጋጅቶ፣ ማታ "ተሰርዟል" የሚል መልእክት ሲመጣ ያናድዳል። በ2009 የካቲት ወር የቪክቶሪያ ቃጠሎ 173 ሰው መግደሉን ያወቀ ግን አይከራከርም።

አሁን ደግሞ አባላቱ ወደ ውጭ ሀገር ወደሚያደርጉት ጉዞ እንለፍ። ክለቡ በወር አንድ ምሽት ይሰበሰባል። ሻይ፣ ብስኩት፣ ከዚያ አንድ አባል የሄደበትን ሀገር በፎቶ ያሳያል። የስፔኑ ካሚኖ፣ የጣሊያን ዶሎማይት፣ የጃፓኑ ኩማኖ ኮዶ፣ ኔፓል፣ ሁሉንም እዚያ ነው ያየሁት። አንድ ምሽት መብራቱ ጠፍቶ ግድግዳው ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ብቅ አለ። ሰሜን ተራሮች! ከዓመታት በፊት ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት አባላት ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ በበቅሎ ጭነው፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ይዘው ሄደዋል። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆመው የተነሱት ፎቶ ላይ ገደሉ ማለቂያ የለውም። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ከደብረ ታቦር ደባርቅ ምን ያህል ነው? እኔ ግን ሰሜን ተራሮችን ረግጬ አላውቅም። ባልየው ስለ ዋልያ ሲያስረዳኝ በትዕግሥት አዳመጥኩት።

ከዚያ ምሽት በኋላ ጥቂት አባላት "እንሂድ" ብለው ተነስተው ነበር። በ2023 በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሳ ነገሩ ቆመ። የአውስትራሊያ መንግሥት "አትጓዙ" ብሎ ባስጠነቀቀበት ቦታ ደግሞ አብዛኛው የጉዞ ኢንሹራንስ አይሸፍንም። ይህን ኔፓልም ሆነ ሌላ ሀገር ስታስቡ አስታውሱት። ኔፓል ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ኢንሹራንሶች ከተወሰነ ከፍታ በላይ የተደረገ የእግር ጉዞን ከሽፋን ያወጣሉ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ደጋ ስላደጋችሁም ከፍታ አይነካንም አትበሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ ለዓመታት የኖረ ሰው ሰውነት ደጋውን ረስቶታል።

ለመጀመሪያ የውጭ ጉዞ ኒውዚላንድን የሚያህል የለም። ቅርብ ነው፣ መንገዱ የተጠረገ ነው፣ እባብም የለም። እኛ የሄድነው ኬፕለር ትራክ ነው። ቴ አናው ከምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ተነስቶ ዞሮ እዚያው የሚመልስ 60 ኪሎ ሜትር ነው። በ1988 የተከፈተው ሚልፎርድና ሩትበርን የሚባሉት ስመ ጥር መንገዶች በሰው ብዛት ስለተጨናነቁ ነው። በየመንገዱ ማደሪያ ጎጆዎች ስላሉ ድንኳን መሸከም አያስፈልግም። ዋናው ወቅት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነው። ቦታ የሚያዘው ግን ከወራት በፊት ነው። ምዝገባው የሚከፈትበት ቀን ቀድሞ ይነገራል፣ በዚያ ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ማለት ነው። ሚልፎርድ ወዲያው ያልቃል። ለውጭ ሰው ዋጋው ከኒውዚላንድ ነዋሪዎች ይበልጣል፤ ከአውስትራሊያ መምጣት ቅናሽ አያሰጥም።

የክለቡ መመሪያ ላይ የማታገኙት አንድ ጉዳይ ደግሞ እነሆ። መመሪያው የተጻፈው የአውስትራሊያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ነው። "ፓስፖርትሽን ብቻ ያዢ" ይላል። ዜጋ ከሆናችሁ እውነት ነው። ቋሚ ነዋሪ ሆናችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ኤንዜድኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ማግኘት አለባችሁ። ጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሙሉ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፣ ያ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። መመለሻውንም አትርሱ። የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ የመውጫና የመግቢያ ፈቃዱ አምስት ዓመት ነው። እዚህ እስካላችሁ ድረስ ማለፉ ምንም አይመስልም። ወጥታችሁ ስትመለሱ ነው ጣጣው። ቀኑን አረጋግጡና ካለፈ የሪዚደንት ሪተርን ቪዛ፣ ማለትም የነዋሪ መመለሻ ቪዛ፣ ያዙ። ይህንን ለመሪያችን ሳስረዳቸው ደብተራቸው ላይ ጻፉት፤ አሁን ለአዲስ አባል ሁሉ ይጠይቃሉ።

ኒውዚላንድ ስትደርሱ ጉምሩኩ የሚፈልገው ጭቃ ነው። የውጭ አፈር ይዞት የሚመጣውን በሽታና ዘር ይፈራሉ። የሄዳችሁበትን ጫማ፣ ድንኳን፣ የመመርኮዣ ዱላ ሁሉ ቅጹ ላይ አስመዝግቡ። ኩዊንስታውን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መኮንኑ ጫማዬን ገልብጦ በትንሽ ባትሪ የሶሉን ስንጥቆች አንድ በአንድ አየ። ከመነሳቴ በፊት በጥርስ ብሩሽ ፈትጌው ስለነበር አሳለፈኝ። ከጎኔ የነበረው አባል ዱላው ጫፍ ላይ የደረቀ ጭቃ ተገኘበት። ስላስመዘገበ አጥበው መለሱለት። ሳያስመዘግቡ የተገኙ ሰዎች እዚያው በቁማቸው 400 የኒውዚላንድ ዶላር ይቀጣሉ። ምግብም እንደዚያው ነው። ቆሎም ሆነ በሶ ይዛችሁ ከሆነ "ምግብ አለኝ" በሉና አሳዩ፤ የሚወስነው መኮንኑ ነው። ቋንጣ ግን ቤት ይቅር። ሥጋ ይዞ ድንበር ላይ መከራከር ዕረፍት ማባከን ነው።

ስለ ማደሪያው ጎጆ ደግሞ ማንም ሳይነግራችሁ እንዳትሄዱ። ፍራሽ አለ፤ አንሶላና ብርድ ልብስ የለም። በወቅቱ የጋዝ ምድጃ አለ፤ ድስትና ሳህን የለም። ሻወር የለም። መኝታው የጋራ ነው፣ ወንድና ሴት አንድ ክፍል ነው የሚያድረው። የእኛ እህቶች ይህን እዚያ ሲደርሱ ነው የሚያውቁትና ይደነግጣሉ። ሰው ግን ደክሞት ስለሚመጣ ማንም ማንንም አያይም። ልብስ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ይቀየራል፣ ወይ መጸዳጃ ቤት ሄዶ ይቀየራል። ማንኮራፋቱን አለመናገር ግን ግፍ ነው። የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ቆሻሻችሁን በሙሉ፣ የሻይ ከረጢት ሳትቀር፣ ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ። ጫማ በረንዳ ላይ ይወልቃል፣ ነገር ግን እዚያ አያድርም። ኪያ የሚባል አረንጓዴ በቀቀን አለ፤ ማሰሪያ ይበጥሳል፣ ቦርሳ ይከፍታል። እንደ መርካቶ ኪስ አውላቂ አንዱ ፊት ለፊት ሲያጫውታችሁ ሌላው ከኋላ ሥራውን ይሠራል።

የመጀመሪያው ቀን ከሐይቁ ዳር በጫካ ውስጥ ሽቅብ ነው፤ ወደ 14 ኪሎ ሜትር። ላክስሞር የሚባለው ጎጆ 1,085 ሜትር ላይ ነው። ዛፉ ድንገት ያልቅና ሐይቁ በሙሉ እግራችሁ ሥር ይታያል። ማታ የጎጆው ጠባቂ ሁላችንንም ሰብስቦ የነገውን አየር ነገረን። ጠዋት በሸንተረሩ ላይ ኃይለኛ ነፋስ፣ ከረፋዱ በኋላ ጋብ ይላል። ሁለተኛው ቀን ሙሉ በሙሉ ገላጣ ሸንተረር ላይ ነው፣ መጠለያ የሚሆኑት በመንገድ ላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ብቻ ናቸው።

ጠዋት ሌሎች መንገደኞች በጨለማ ተነስተው ወጡ። መሪያችን ቡናቸውን ይዘው መስኮት ዳር ተቀመጡ። ከመካከላችን ቸኩሎ ቦርሳውን የተሸከመ ነበር። "ማምሻውን መኝታ ተይዞልሻል፣ የት ትሄጂያለሽ?" አሉኝ እኔን ጭምር። እስከ አራት ሰዓት ተቀመጥን። ከዚያ ወጣን። ነፋሱ ጋብ ብሏል ቢባልም ቀላል አልነበረም። ከሸንተረሩ አንገት ላይ ስንደርስ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ጎንበስ ብለን፣ ዱላ ተክለን ነው ያለፍነው። አንድ ቀድሞን የወጣ መንገደኛ መጠለያው ውስጥ ኮፍያውንና የዝናብ ልብሱን ነፋስ ነጥቆት አገኘነው። ሻይ አፈላንለት፣ ትርፍ ጃኬት ሰጠነውና አብሮን ወረደ። የዚያን ቀን 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ከፎቶ ላይ እንደሚታየው አይደለም። ቁልቁለቱ በዚግዛግ ጫካ ውስጥ ገብቶ አይሪስ በርን ጎጆ ያደርሳል፣ ጉልበትም የሚያመው እዚያ ነው። ማታ ማታ ኪዊ የምትባለው ወፍ ጫካው ውስጥ ስትጮኽ ትሰማለች። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ ብዙ የሚነገርለት ነገር የለውም፤ የማናፑሪ ሐይቅ ዳር ያሉት ጥቃቅን ዝንቦች ግን ቁርጭምጭሚት አይምሩም።

ወጪውን በተመለከተ፣ በቡድን ስትሄዱ መኪና ኪራይና ምግብ ይካፈላል። ሁለት ሦስት ሰው አንድ ምድጃ ላይ አብሮ ያበስላል። አስጎብኚ ድርጅት ለተመሳሳይ መንገድ የሚጠይቀው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ክለቡ ግን ለውጭ ጉዞ ማንንም አይወስድም። በሀገር ውስጥ ቦርሳ ተሸክመው ሄደው ያደሩ፣ መሪው የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው የሚጋበዙት። ይህን "ወገንተኝነት ነው" የሚል አዲስ አባል አጋጥሞኛል። እኔ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ሰባት ሰው ጎጆ ውስጥ የሚያስጠብቅ ነፋስ ሲመጣ የሰውን ጠባይ እዚያ መማር አይቻልም።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ዓመት ቪክቶሪያ ውስጥ ሂዱ። ፌዘርቶፕ ተራራ 1,922 ሜትር ነው፤ በሸንተረሩ ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር። ዊልሰንስ ፕሮሞንቶሪ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ሲለርስ ኮቭ አድሮ መመለስ ለመጀመሪያ የሸክም ጉዞ ጥሩ ነው። ለሦስት ቀን የሚሆን ቦርሳ ተሸክማችሁ ሳታማርሩ ከተመለሳችሁ ኬፕለር አይከብዳችሁም። የሥራ ፈረቃ (ሮስተር) የሚያወጣው አለቃችሁን ግን ቀድማችሁ አናግሩ። የእኔ የዓመት ፈቃድ ከጎጆው ምዝገባ በላይ ነው የፈጀው።

የክለቦቹን ዝርዝር ቡሽዋኪንግ ቪክቶሪያ ጋ ታገኛላችሁ፤ ሲድኒም ሆነ ፐርዝ ያላችሁ የየክፍለ ሀገራችሁ ማኅበር አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለጀማሪ ይመረጣል፤ ሙቀቱም ቃጠሎውም ያልፋል፣ አየሩም የተረጋጋ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ዌሪቢ ጎርጅ የሚባለውን የወንዝ ሸለቆ ካያችሁ በእሱ ጀምሩ። ከምዕራብ ሜልበርን አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ወንዙ ዳር ድንጋዩ ላይ የተሰካ የብረት ገመድ ይዞ የሚታለፍ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ቦርሳችሁ ከባድ ከሆነ ሚዛን ስለሚያስት ቴርሞሱን መኪና ውስጥ ተዉት።